በክንዴ ላይ ያለችው ሴት

የምሠራበት ፀጉር ቤት ጎንደር፣ አራዳ ላይ ነው። ከደንበኞቻችን አንዷ ትከሻዋ ላይ የቻይና ፊደል አስነቅሳለች፤ ነቃሹ ከስልክ ላይ እያየ ነው የሠራላት። «ትርጉሙ ጽናት ነው» ትለን ነበር። አንድ ቀን መንገድ ሥራ ላይ ያለ ቻይናዊ ከአስተርጓሚው ጋር ከጎናችን ወዳለው የወንዶች ፀጉር ቤት መጣ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ስለነበር ትከሻዋን አየና ጎንበስ ብሎ አነበበው። ከዚያ ሳቀ። አስተርጓሚው ቢለምነው፣ እሷም ብትለምነው እጁን እያወዛወዘ መሳቅ እንጂ መናገር እምቢ አለ። እስከ ዛሬ ምን እንደሚል አታውቅም።

ያን ቀን ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። «ያላነበብሽውን ትሸከሚያለሽ እንዴ?» ብዬ አላገጥኩባት። ይህን ስላት እጄ ሻምፑ አረፋ ውስጥ ነበር፣ እጅጌዬ እስከ ክርኔ ተሰብስቧል፣ ክንዴ ላይ ያለው የግእዝ ንቅሳት በውሃ ርሶ ፏ ብሏል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

የእኔ እኮ የማውቀው ነው ብዬ ነበር የማምነው። ያስነቀሰችኝ እናቴ ናት። የተወለድኩት ከሊማሊሞ በታች፣ ከአዲ አርቃይ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ከእኔ በፊት የተወለዱት ሁሉ በሕፃንነታቸው አልፈዋል፤ እኔም ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ በትኩሳት ልሞት ደርሼ ነበር። ያን ጊዜ በየገበያው እየዞረች የልጃገረዶችን አንገትና ድድ የምትነቅስ ሴት ነበረች። እናቴ ወደሷ ተሸክማኝ ሄዳ በቀኝ ክንዴ ውስጠኛ በኩል የጸሎት ቃል አስነቀሰችኝ። እኔም ዳንኩ። እናቴ ግን ብዙ ሳትቆይ ሞተች፤ ከእሷ የቀረኝ ንብረት ይኸው ክንዴ ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ ያነበብኩት መጽሐፍ አልነበረም፣ ክንዴን ነበር። ከላይ አንድ የሴት የክርስትና ስም አለ፤ ከሌላው ሁሉ ደመቅ፣ ወፈር ብሎ የተነቀሰ ነው። ከስሙ በታች «ከመ ኢይሙቱ ውሉዳ» ይላል። ግእዝ አላውቅም። ግን ሞትን ማን አያውቅም? መውለድንስ? «የወለድኳት እንዳትሞት» ማለት ነው አልኩ። እናቴ ስለ እኔ የጸለየችው ጸሎት ነው፤ ስሙም የእኔ የክርስትና ስም ነው። አባቴን ብጠይቀው «የክርስትና ስምሽን እናትሽ ናት የምታውቀው፣ እኔ ምኑን ይዤው» አለኝ። በአገራችን ይህን ስም የሚደብቅ ብዙ ነው፤ ክፉ ሰው ከያዘው መድኃኒት ያደርግበታል ይባላል። እናቴ ደብቃው ሄደች፣ ግን ክንዴ ላይ ትታልኝ ነው የሄደች ብዬ ኮራሁ። ለንስሐ አባቴ ያን ስም ነገርኩ፤ ጎንደር ገብቼ ከአንድ ዲያቆን ጋር ስተጫጭም ለእሱ ነገርኩት።

እጮኛዬ የደብር ልጅ ነው። አባቱ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ልጃቸው ግን ዜማውን እንጂ ትርጉሙን ብዙም አልገፋበትም፤ ግእዙን አሳምሮ ይዘልቀዋል፣ ምን ማለት ነው ብትሉት ግን «አባባን ልጠይቅ» ባይ ነው። የሴት ክንድ ትኩር ብሎ የሚያይ ሰውም አልነበረም። በዚህ ነበር የወደድኩት፤ በዚሁ ደግሞ ጉድ ሆንኩ።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ልንጋባ ተስማምተን ለትውውቅ ቤታቸው ተጠራሁ። ባለሙያ መባል ፈልጌ ማዕድ ሲቀርብ ቀድሜ ተነሣሁ፤ ማስታጠቢያውን ይዤ፣ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰብስቤ፣ የኔታ ፊት ጎንበስ ብዬ ውሃ አፈሰስኩ። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ። ዓይናቸው ክንዴ ላይ አረፈ። ፊደል ያየ የቅኔ መምህር ሳያነብ አያልፍም፤ አነበቡ። ውሃው መውረዱን ቀጠለ፣ እሳቸው ግን እጃቸውን ማሸት አቆሙ። ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ። ከዚያ «በቃኝ፣ ይባርክሽ» አሉና እጃቸውን ሳይደርቅ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ያን ቀን እህል አልቀመሱም። «ጨጓራዬ ነው» አሉ። እኔ ሞኟ ወጡ በርበሬ በዝቶበት ይሆን ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ እጮኛዬ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ፊቱ ልቅሶ ቤት የዋለ ሰው ፊት ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እንዳትቆጪ» አለኝ።

«እንዳትቆጪ የሚባል ነገር ሁልጊዜ ያስቆጣል። ጠይቅ።»

«ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

በጥፊ ልለው እጄ ተነሣ። ያነሣሁት ቀኝ እጄን ነበር፤ እሱም ክንዴን ያዘና ንቅሳቱን በጣቱ እየተከተለ አባቱ የነገሩትን ነገረኝ። ይህ ከክታብ ላይ የተገለበጠ ቃል ነው። ክታቡ ደግሞ ሾተላይ ላለባት፣ እየወለደች ለሚሞቱባት ሴት የሚጻፍ ነው። «የወለድኳት እንዳትሞት» አይልም፤ «ልጆቿ እንዳይሞቱ» ነው የሚለው።

«የማን ልጆች?» አልኩት።

«ከላይ ስሟ የተጻፈው ሴት። ስሙ ደግሞ ያንቺ ነው። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው። ስሜ አይደለም ብል ውሸታም ልሆን፣ ስሜ ነው ብል ወላድ ልሆን። እሱም ከእኔ ባልተናነሰ ታስሯል፤ ዲያቆን ድንግል ካላገባ ቅስና የለም፣ ተክሊልም የለም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ልጅ ሆኜ ነው የተነቀስኩት ብዬ ጮህኩ። «አባባም ይህን አስበውታል» አለኝ። «ግን ለልጅ እንዲህ ያለ ክታብ አይጻፍም አሉ። በተማሪነታቸው ለእህል ውሃ ሲሉ እሳቸውም ጽፈው ያውቃሉ። የሚጻፈው ቀብራ ለመጣች እናት ነው።»

የኔታ አልጮኹም፣ አላስወሩም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር፤ ከሚጮህ ሰው ጋር መጣላት እችልበታለሁ። አክስቱ ናቸው «አዋቂ ሴት ትያት» ብለው የላኩብኝ። «ገበያ የወጣሁ በሬ ነኝ ጥርሴ የሚታይ?» ብዬ መለስኩ፤ መልሴም ጥፋተኛ አስመሰለኝ። በእነዚያ ቀናት የተሰማኝን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ሰው የሚመሰክርበትን ጠላት ቢያንስ በር ዘግቶ ይሸሸዋል። የእኔ መስካሪ ግን አብሮኝ ይበላል፣ አብሮኝ ይተኛል፣ ጠዋት ፊቴን የምታጠበውም በእሱ ነው። ቆዳዬን ገፍፌ መጣል አማረኝ። ከሁሉም የከፋው ግን እናቴ ላይ መናደዴ ነበር፤ አፈር ያለበሷትን ሴት «ምን አደረግሽብኝ?» እያልኩ ውዬ አድራለሁ።

አባቴን በስልክ ለማግኘት ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ እስኪወጣ መጠበቅ ነበረብኝ። ሲያገኘኝ እያለቀስኩ ጠየቅሁት። «ታዲያ ምነው ቀድመሽ ያልጠየቅሽኝ?» አለ። «ስሙን ጠየቅሽኝ እንጂ ክታቡን መቼ ጠየቅሽኝ? እናትሽ ከጎረቤት ተውሳ ነው ያመጣችው።»

ይህንኑ ለየኔታ አደረስኩ። አመንኩሽም አላመንኩሽም አላሉኝም። «ባለቤቲቱ በሕይወት ካለች በአፏ ትናገር፤ ልጄ ሄዶ በጆሮው ይስማ» አሉ። ጾሙ እየቀረበ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል። በየቀኑ መናኸሪያ እየሄድኩ «ተከፈተ?» እላለሁ፤ ረዳቶቹ ገና ሲያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። የተከፈተ ቀን በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርን። እጮኛዬ ቦርሳውን በመካከላችን አስቀመጠው። የወለቃን የሸክላ ድርድር አለፍን፣ ደባርቅን አለፍን፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ስንወርድ ሰው ሁሉ ገደሉን ፈርቶ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ እኛ ቦርሳውን ይዘን ወረድን።

ሴትዮዋን ደጃፏ ላይ ሽንብራ ስትለቅም አገኘናት። የእናቴ ጎረቤት ነበረች፤ አርጅታለች፣ ዓይኗ ግን ደህና ነው። ማን መሆኔን ስነግራት ጉንጬን ከመሳሟ በፊት ክንዴን ያዘች፤ እጅጌዬን ራሷ ሰብስባ ንቅሳቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ማንበብ አትችልም።

«ተመስገን፣ አልጠፋም» አለች። «ሸጋ አድርጋ ነበር የወጋችሽ።»

የመጣንበትን ስንነግራት ሽንብራዋን ወደ ጎን አደረገች። ልጆቿ እየተወለዱ ሲሞቱባት አንድ ደብተራ ያን ክታብ እንደጻፈላት፣ ከዚያ በኋላ የወለደቻቸው እንደቆሙላት ነገረችን። እናቴ ይህን ታውቅ ነበር። ልጅ ያዳነ ነገር ልጄንም ያድናል አለች፤ የኔ ትኩሳት የበረታ ቀን መጥታ እግሯ ላይ ወደቀች።

«ያን ጊዜ እኔም የሚጠባ ልጅ ይዣለሁ» አለች። «እምቢ ብላት የሷ ይሞታል፣ ብሰጣት የኔ ይሞታል ብዬ ፈራሁ። እንግዲያው ውሰጂው፣ ግን ፀሐይ ሳትገባ መልሺልኝ አልኋት። እናትሽ ብልህ ነበረች። ክታቡን መለሰች፣ ጽሕፈቱን ግን በገላሽ አስቀረችው።»

ነቃሿ ፊደል አታውቅም። እናቴም አታውቅም። ክታቡ ላይ አብዛኛው በጥቁር ቀለም ተጽፏል፣ ጥቂቱ ግን በቀይ ነው፤ ሁለቱ ሴቶች ተማክረው ኃይሉ ያለው ቀዩ ላይ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ደብተራው ጥንቃቄ የሚገባውን ነው በቀይ የጻፈው። ቀዩ የባለቤቲቱ ስም ነበር። ከሁሉ አስበልጠው፣ ከሁሉ አድምቀው የወጉልኝ እሱን ነው።

እጮኛዬ አንገቱን ደፍቶ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስሙን ከአፍዎ መስማት አለብኝ» አላት።

«ለባሌም አልነገርኩት» አለች።

«አውቃለሁ።»

ብዙ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ዲያቆን ነህ አሉ፤ ና እንግዲህ ጠጋ በል» አለችውና በጆሮው ተናገረች። ክንዴ አሁንም በእጇ ነበር። እሱ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«እሷ ናት» አለ። «አንቺ ላይ ያለችው እሷ ናት።» ከዚያ ጉልበቴን ሊስም ተደፋ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እፎይ ልል ይገባ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ከውስጤ የተወሰደ መሰለኝ። በዚያ ስም ንስሐ ገብቻለሁ፣ በዚያ ስም ተስያለሁ፤ እናቴ ለእኔ ብቻ የተወችልኝ ነገር ነበር። «ታዲያ የእኔ ማን ነው?» አልኳት።

«እናትሽ ለማንም አልነገረች። ክርስትና እናትሽም አልፋለች፣ ያጠመቁሽም ቄስ አልፈዋል።» ትንሽ አሰበችና «የኔን ውሰጂ» አለችኝ። «ይኸን ሁሉ ዘመን ለብሰሽው የለ? ብቻ አደራሽን፣ አታጥፊው። ክታቡ ቤታችን ሲቃጠል አብሮ ነዷል። ካሉኝም ልጆች የቀረኝ አንዱ ነው፤ ያ የዚያን ቀን የሚጠባው። መተማ ነው ያለ። ወሬው ሲጠፋብኝ ያቺ ልጅ አለች፣ ክንዷ ላይ አለ እላለሁ፤ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

አላጠፋም ብዬ ቃል ገባሁላት። ቃል እንደሚያስር ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ጎንደር ስንመለስ የኔታ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ልጄ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። ይቅር አልኳቸው፤ ከልቤ ነው። ወዲያው ግን «አሁን ይሸፈን» አሉ። ፒያሳ አካባቢ የቆየ ንቅሳትን በትልቅ ጥቁር መስቀል የሚደፍን ልጅ አለ ተባለ። «የቄስ ሚስት ልትሆኚ ነው። እኔ አንብቤዋለሁ፣ ነገ ሌላው ያነብበዋል። ላነበበው ሁሉ አዲ አርቃይ ልናደርሰው ነው?»

ቃል አለብኝ አልኳቸው። ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ የተስማማነው ረጅም እጅጌ እንድለብስ ነው፤ ቤትም፣ ሥራም፣ ቤተ ክርስቲያንም። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። በተክሊሉ ዕለት ቄሱ የክርስትና ስሜን ሲጠይቁኝ ያንኑ ስም ተናገርኩ፤ ሌላ የለኝም።

ረጅም እጅጌ ለብሶ የሰው ፀጉር ማጠብን የሞከረው ያውቀዋል። እስከ ክርኔ ርሼ እውላለሁ፣ ጨርቁ ቆዳዬ ላይ ይበሰብሳል። አሠሪዬ ታክታ ከማጠቢያው አንሥታ ሹሩባ ላይ አደረገችኝ። በሚያዝያ ሙቀት ሰው ሁሉ ሲገላለጥ እኔ እስከ አንጓዬ እቆልፋለሁ። «ቁስል ነው?» የምትለኝ አለች፣ «ባልሽ ይመታሻል እንዴ?» የምትለኝ አለች። ያቺ የቻይና ፊደል ያላት ልጅ ደግሞ ትከሻዋን ለፀሐይ ሰጥታ እየሳቀች ትመጣለች። አለማወቋ ያስቀኝ ነበር፤ አሁን ቀናሁባት።

ባለቤቴ ከቀሰሰ በኋላ ያቺ ሴት ሞተች። መንገድ አላገናኝ ብሎን ለቀብሯ አልደረስንም፤ ለአርባዋ ወረድን። መተማ ያለው ልጇም ቀብሯ ላይ አልነበረም፤ ያን ቀን ነው የደረሰው። የደብሩ ካህናት ባለቤቴን «አንተ ፍታት፣ እንግዳ ነህ» ብለው ለፍትሐቱ አስቀደሙት። እኔ በሴቶች በኩል ቆሜያለሁ። ጸሎቱ ስሟ ጋ ሲደርስ ባለቤቴ ቀና ብሎ ወደ ሴቶች በኩል አየ። ለእኔና ለእሱ ተክሊል የተደፋበት ስም ነው፤ አሁን በዚያ ስም ነፍስ ይማር ሊል ነው። ጠራው። እኔም ሳላውቀው ከንፈሬ «አቤት» አለ። አጠገቤ የቆመች ሴት ዘወር ብላ አየችኝ። ሬሳ የሆንኩ መሰለኝ፤ በቁሜ፣ በረጅም እጅጌ ተገንዤ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ልጇ በደጀ ሰላሙ በኩል ወደ እኔ መጣ። ጢም ያወጣ ጎልማሳ ሆኗል። «ስሟን ገና ዛሬ ሰማሁት» አለኝ። «እናቴ አንቺ ዘንድ የሆነ ነገር አለ ትል ነበር።»

ካህናቱ ቆመዋል፣ ሕዝቡ ቆሟል፣ ባለቤቴም ከሩቅ ያየናል። የእጅጌዬን ቁልፍ ፈታሁና እስከ ክርኔ ሰበሰብኩት። ከሠርጌ ወዲህ ክንዴ ፀሐይ አላየም ነበር፤ ነጥቶ የሌላ ሰው ክንድ መስሏል። ሰውየው ስሙን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ከስሙ በታች ያለው ግን ሊገባው አልቻለም።

«ይኼስ ምን ይላል?» አለኝ።

«ልጆቿ እንዳይሞቱ ይላል» አልኩት። «ላንተ የተጻፈ ነው። እኔ ይዤልህ ነው የቆየሁት።»